ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ፦ የጽሑፍ ስርቆት ምንድን ነው?

በብዙ የብራና መጻሕፍቶቻችን ባዶ ቅጠሎችና ኅዳጎች ላይ አንድ ዓይነት የግዕዝ ማስጠንቀቂያ ተጽፎ ይገኛል፦ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ለይኩን።» ይህን መጽሐፍ የሰረቀው፣ የፋቀውም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። ጸሐፊው መስረቅንና መፋቅን ለይቶ መጥራቱ ያለ ምክንያት አይደለም። የሰረቀ መጽሐፉን ይዞ ይሄዳል፤ የፋቀ ግን በብራናው ላይ የሰፈረውን ስም በስለት አጥፍቶ በቦታው ሌላ ስም ይጽፋል። በኢንተርኔት ላይ የሚፈጸመውን የጽሑፍ ስርቆት ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም።

የጽሑፍ ስርቆት ማለት የሌላ ሰው የድካም ውጤት የሆነን ጽሑፍ በሙሉም ሆነ በከፊል ያለ ፈቃዱ ወስዶ ማሰራጨት፣ ወይም የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነው። ሁለቱ ጥፋቶች አብረው የሚፈጸሙበት ጊዜ ይበዛል እንጂ አንድ አይደሉም። የጸሐፊውን ስም ከላይ አስቀምጦ ሙሉ ጽሑፉን ያለ ፈቃድ በቴሌግራም ቻናሉ ላይ የሚለጥፍ ሰው ሰርቋል፣ ግን አልፋቀም። የጥበቃ ዘመኑ ያለፈበትን የቆየ ጽሑፍ አውጥቶ በራሱ ስም የሚያትም ደግሞ ሕግ የሚከለክለውን ቅጂ አልሠራ ይሆናል፣ ነገር ግን ፍቋል። «ምንጭ፦ ከፌስቡክ የተገኘ» ብሎ መጻፍም ምንጭ መጥቀስ አይደለም፤ ፌስቡክ መጽሐፉ የተገኘበት መደርደሪያ እንጂ ደራሲው አይደለምና።

ፈረንጆቹ ፕሌጀሪዝም የሚሉት ቃልም ከዚሁ ስሜት የመጣ ነው። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ሮማዊው ገጣሚ ማርቲያሊስ ግጥሞቹን ነጻ ካወጣቸው ባሪያዎች ጋር አመሳስሎ፣ የእኔ ናቸው ያለውን ሰው «ፕላጊያሪየስ» ብሎ ጠራው፤ በእኛ ቋንቋ ባሪያ ፈንጋይ እንደ ማለት ነው። በቅኔ ቤታችን ደግሞ ቅኔ ማፍለቅ «መዝረፍ» ይባላል፤ ሆኖም በዚያው ቤት የሌላውን ቅኔ የራሴ ነው ብሎ ማቅረብ እጅግ የሚያሳፍር ነው፣ ቅኔ ሁልጊዜ አዲስ መሆን አለበትና።

የአገራችን ሕግ ሁለቱን ጥፋቶች ለየብቻ ያያቸዋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራ አመንጪው ሁለት ዓይነት መብት ይሰጣል። አንደኛው የኢኮኖሚ መብት ሲሆን የማባዛት፣ የመተርጎም፣ የማሰራጨትና የመሳሰለውን ሥልጣን ይመለከታል፤ ሁለተኛው የሞራል መብት ሲሆን በሥራው ላይ ስሙ እንዲጠቀስ፣ ከፈለገም በብዕር ስም እንዲታወቅ፣ ሥራው ክብሩን በሚነካ መንገድ እንዳይዛባ የመጠየቅ መብት ነው። ጥበቃው ምዝገባ አይጠይቅም፤ ጽሑፉ ወጥ (ከሌላ ያልተቀዳ) ከሆነና በጽሑፍ ወይም በሌላ መንገድ ከተቀረጸ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የተጠበቀ ነው፣ በመርህ ደረጃም ጸሐፊው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። ሐሳቡና መረጃው ግን የማንም አይደለም። ስለ እንሰት እኔ ስለ ጻፍኩ ሌላው ስለ እንሰት እንዳይጽፍ ልከለክለው አልችልም፤ የምከለክለው ቃላቴንና አቀራረቤን ነው። መጠነኛ ጥቅስ ምንጩና የደራሲው ስም ተጠቅሶ ይፈቀዳል። በሌላ በኩል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወደ አማርኛ መልሶ በራስ ስም ማውጣት፣ ወይም የሰው ጽሑፍ በዩቲዩብ ላይ በድምፅ ማንበብ «እኔ ነኝ የደከምኩበት» በሚል ምክንያት አይጸድቅም።

እንሰትን ያነሣሁት በምክንያት ነው። እናቴ ቆጮ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ ከመፋቁ አንሥቶ በእንሰት ቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ውስጥ እስከሚብላላበት ድረስ ስትነግረኝ በብዙ ቅዳሜዎች ያሰባሰብኩትን ጽሑፍ አውጥቼ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ብዙ ተከታይ ባለው ገጽ ላይ በሌላ ሰው ስም አገኘሁት። በስህተት ሁለት ጊዜ የጻፍኩት «በኋላ በኋላ» የሚለው ቃል እንኳ እንዳለ ነበር። እጅግ ያሳዘነኝ ግን «እናቴ እንደ ነገረችኝ» የሚለው ሐረግ ሳይነካ መቅረቱ ነው፤ አንባቢዎቹ ከሥር የሚያመሰግኑት የዚያን ሰው እናት ነበር።

ስርቆቱን ያገኘሁት ከጽሑፌ ውስጥ ያልተለመደ ዓረፍተ ነገር መርጬ በትምህርተ ጥቅስ አጥሬ በመፈለግ ነው። በአማርኛ ይህ ዘዴ የራሱ ችግርና የራሱ ጥቅም አለው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በድምፅ ስለማይለዩ፣ ጽሑፉን እንደ ገና የተየበ ሰው «ፀሐይ»ን «ጸሀይ» ብሎ ከጻፈው ፍለጋው ሊያመልጠው ይችላል፤ ስለዚህ በተለያየ አጻጻፍ ደጋግሞ መሞከር ያስፈልጋል። በአንጻሩ ኮፒ ተደርጎ የተለጠፈ ጽሑፍ የጸሐፊውን የፊደል ምርጫ ይዞ ይሄዳል። አራት ነጥብን በአንድ ምልክት መጻፍ ወይም ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ መደርደር እንኳ እንደ ጣት አሻራ ያገለግላል። በስክሪንሾት የተወሰደ ጽሑፍ ግን ምስል በመሆኑ በዚህ መንገድ ብዙውን ጊዜ አይያዝም።

ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው የቀን ማስረጃ ነው። ጽሑፉ በወጣበት ዕለት ገጹን የድረ ገጾችን ቅጂ ከነቀናቸው በሚያከማቸው ዌይባክ ማሽን በተባለው ድረ ገጽ ላይ ማስቀመጥ ቀኑን የሚመሰክር ቅጂ በሦስተኛ ወገን እጅ እንዲኖር ያደርጋል። ረቂቆችንም መጣል አይገባም። የተሰረቀው ጽሑፍ ያለበትን ሊንክና ስክሪንሾት ባለገጹን ከማነጋገር በፊት መያዝ ይበጃል፣ ሊያጠፋው ይችላልና። ፌስቡክና ዩቲዩብን የመሳሰሉ የአሜሪካ ድርጅቶችን ያ አገር በ1998 እ.ኤ.አ. ያወጣው የዲጂታል ሚሌኒየም የቅጂ መብት ሕግ ይመለከታቸዋል፤ በዚህ ሕግ መሠረት አስተናጋጁ ድርጅት አቤቱታ ሲደርሰው ጽሑፉን በፍጥነት ካነሣ ከተጠያቂነት ይድናል። አቤቱታው የራስን ሥራና የተሰረቀበትን ሊንክ ለይቶ ማመልከት፣ አድራሻና ፊርማ መያዝ፣ በቅን ልቦና የቀረበ መሆኑንም ማረጋገጥ አለበት። ባለገጹ መከራከሪያ ካቀረበና አቤት ባዩ ክስ ካልመሠረተ፣ ጽሑፉ ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀናት ውስጥ ሊመለስ ይችላል። የራስ ባልሆነ ጽሑፍ በሐሰት አቤት ማለት ግን ራስን ለተጠያቂነት ያጋልጣል።

ቴሌግራም ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለ ቻናሉ ፎርዋርድ ማድረግንና ኮፒ ማድረግን እንዲከለክል ይፈቅዳል። እኔ አልተጠቀምኩበትም፤ ፎርዋርድ ሲደረግ የቻናሉ ስም አብሮ ይሄዳል፣ ይህን የከለከለ ጸሐፊ ግን ሐቀኛውን አንባቢ ከማሰራጨት ሲያግድ፣ ሌባው በሌላ ስልክ ፎቶ አንሥቶ ሊተይበው ይችላል። እኔ የለወጥኩት የአጻጻፍ ልማዴን ነው። ከጽሑፉ ግርጌ የሚቀመጥ ስም በአንዲት መቁረጥ ይጠፋል። አሁን «እናቴ እንደ ነገረችኝ» ብዬ አልተውም፤ ስሟንና የተወለደችበትን መንደር፣ እኔም ልጇ መሆኔን በስሜ ጠርቼ፣ ያለ እነርሱ ዓረፍተ ነገሩ በማይቆምበት በአንቀጹ መካከል አስገብቼ እጽፋለሁ።