በርጭት የሚቀረጹ የብረታ ብረት ቅይጦች፦ ጥንካሬያቸውና ዝገትን የመቋቋም ብቃታቸው

በርጭት መቅረጽ ማለት እንደ ቀጭን ጅረት የሚወርድ የቀለጠ ብረታ ብረት በናይትሮጅን ወይም በአርጎን ጋዝ ግፊት ወደ ጥቃቅን ጠብታዎች ተበትኖ፣ ጠብታዎቹም ሙሉ በሙሉ ሳይጠጥሩ በአንድ መደብ ላይ እየተደራረቡና እየተዋሃዱ ወፍራም አካል የሚሠሩበት ዘዴ ነው። መሠረቱን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ የጣለው በዌልስ የስዋንሲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው አልፍሬድ ሲንገር ነው። ወደ ኢንዱስትሪ ያሸጋገረው ደግሞ እዚያው ደቡብ ዌልስ ውስጥ የተቋቋመው ኦስፕሬይ ሜታልስ ሲሆን፣ ዘዴው እስካሁን በዚህ ኩባንያ ስም መጠራቱ የሚገባው ክብር ነው።

የቅይጦቹ ብልጫ የሚመነጨው ከአጠጣጠራቸው ነው። በትልቅ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ቅይጥ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ንጥረ ነገሮቹ ከዳር እስከ መሃል እኩል ሳይሰራጩ ይቀራሉ። በርጭት ጊዜ ግን ጠብታዎቹ በጉዞ ላይ ሳሉ በሰከንድ ከ1,000 ዲግሪ በላይ በሆነ ፍጥነት ስለሚቀዘቅዙ፣ ክሪስታሎቹ ደቃቅና በሁሉም አቅጣጫ ተመጣጣኝ፣ የንጥረ ነገሮቹም ስርጭት ወጥ ይሆናል።

ይህ ከሁሉ በላይ ጎልቶ የሚታየው በአሉሚኒየምና ሲሊከን ቅይጦች ላይ ነው። የሲሊከን መጠን ከ12 በመቶ ገደማ ሲያልፍ በተለመደው አፈሳስ ትልልቅና ስለታም የሲሊከን ቅንጣቶች ይፈጠራሉ፤ ስንጥቅም ከእነርሱ ይጀምራል። በርጭት ሲቀረጽ ግን ቅንጣቶቹ ወደ ጥቂት ማይክሮሜትር ስለሚያንሱ፣ 25 በመቶ ሲሊከን የያዘ ቅይጥ እንኳ በግፊት ተገፍቶ ወደ ቱቦ ሊለወጥ ይችላል። መፋተግን እጅግ የሚቋቋም በመሆኑ በመርሴዲስ ቤንዝ ሞተሮች የሲሊንደር ሸሚዝ (ፒስተኑ የሚመላለስበት የውስጥ ሽፋን) ሆኖ አገልግሏል። ሲሊከኑ እስከ 70 በመቶ ሲደርስ ደግሞ ቅይጡ በሙቀት የሚሰፋው በጣም በጥቂቱ ስለሆነ ለኤሌክትሮኒክስ መያዣ ይመረጣል። ዚንክ የበዛባቸው የአሉሚኒየም ቅይጦችም ከግፊት ሥራና ከሙቀት ሕክምና (ባሕርያቸውን ለማሻሻል በተመጠነ ሁኔታ ከማሞቅና ከማቀዝቀዝ) በኋላ ከ700 ሜጋፓስካል በላይ የመሳብ ጥንካሬ ያሳያሉ።

ዋናው ድክመት ቀዳዳ ነው። መደቡን የነኩት የመጀመሪያ ጠብታዎች ፈጥነው ስለሚጠጥሩ በመካከላቸው ክፍተት ይቀራል፤ በጣም በሞቀው ክፍል ደግሞ ጋዝ ይታሰራል። ቀዳዳዎቹ የመለጠጥን አቅምና በተደጋጋሚ ጫና የመጽናትን ብቃት ስለሚቀንሱ፣ አካሉ በሙቀት ተቀጥቅጦ ወይም በከፍተኛ የጋዝ ግፊት ታምቆ መጠቅጠቅ አለበት። አርጎን በብረት ውስጥ ስለማይሟሟ የታመቀው ቀዳዳ በኋለኛ ሙቀት ዳግም ሊከፈት ይችላል።

ስለ ዝገት የሚወጡ ውጤቶች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ለዚህም አንዱ ምክንያት ሳይጠቀጠቅ የተፈተነውና ተጠቅጥቆ የተፈተነው ናሙና ጎን ለጎን መነጻጸራቸው ይመስላል። ወጥ ስርጭት በቅይጡ ውስጥ የሚፈጠረውን የኤሌክትሮኬሚካል ልዩነት (አንዱ ክፍል ከሌላው ቀድሞ እንዲዝግ የሚያደርገውን) ስለሚቀንስ፣ የተጠቀጠቀው ቅይጥ ብልጫ ሊኖረው እንደሚችል ይጠበቃል። በአንጻሩ ለውጭ ክፍት በሆነ ቀዳዳ ጨዋማ ውሃ ሲገባ ኦክሲጅን ያንሳል፣ አሲድነቱ ይጨምራል፣ ዝገቱም ወደ ውስጥ ይቦረቡራል። ዚንክ የበዛባቸው ቅይጦች ከፍተኛ ጥንካሬያቸው ላይ ሲደርሱ በጫና ሥር ለሚከሰት የዝገት ስንጥቅ ይጋለጣሉ፤ ከዚያ አልፎ የሚቀጥል የሙቀት ሕክምና ተጋላጭነቱን የሚቀንሰው ከጥንካሬው ጥቂት በመውሰድ ነው። በማይዝግ ብረት በኩል፣ የተከማቸው አካል ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ በክሪስታሎቹ ድንበር የክሮሚየም ካርባይድ (ከዝገት የሚከላከለውን ክሮሚየም ከአካባቢው የሚወስድ የክሮሚየምና የካርቦን ውህድ) ሊፈጠር ስለሚችል ከ1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሞቆ በፍጥነት መቀዝቀዝ ያስፈልገዋል።