ስለ ወርቃማ ዓሣ አኳሪየም የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ወርቃማ ዓሣ በወጉ ከተያዘ ከ10 እስከ 15 ዓመት ይኖራል። በሁለት ሳምንት ሲሞት «ድሮም ዕድሜው አጭር ነው» ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚገድለው ግን ውሃው ነው።

«ትንሽ ዓሣ ስለሆነ ክብ ብርጭቆ ይበቃዋል፤ የሚያድገውም በዕቃው ልክ ነው።»

በጠባብ ዕቃ ውስጥ ትንሽ ሆኖ የሚቀረው ስለሚቀጭጭ ነው። ኮሜት የሚባለው ባለ ነጠላ ጭራ ዓሣ 30 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ስለሚችል ኩሬ ይሻለዋል። ሰውነታቸው ክብ ለሆኑት ባለ ድርብ ጭራዎች ለመጀመሪያው 75 ሊትር፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 40 ሊትር ያዙ። ከውስጥ ሲለካ ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 45 ሴንቲ ሜትር የሆነ አኳሪየም ከአፉ 5 ሴንቲ ሜትር ሲጎድል 128 ሊትር ይይዛል፤ ሁለቱን በደንብ ያኖራል። ውሃው ብቻ 128 ኪሎ ስለሚመዝን ማስቀመጫውን ከብረት አሠሩ።

«ውሃው ኩልል ካለ ንጹሕ ነው።»

ዋናው ስሕተት ይህ ነው። ዓሣው በመተንፈሻ ስንጥቡ አሞኒያ ያወጣል፤ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። መርዝ ነው፣ ቀለም ግን የለውም። በፊልተሩ (በውሃ ማጣሪያው) ስፖንጅና በአሸዋው ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ እሱም መርዝ ነው። ከዚያ ሌሎቹ ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል፤ ይህ በሊትር ከ40 ሚሊ ግራም ካልበለጠ ብዙም አይጎዳም። ባክቴሪያዎቹ በቂ እስኪሆኑ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። የውሃ መመርመሪያ ከሌላችሁ በእነዚህ ሳምንታት አንድ ዓሣ ብቻ አስገቡ፣ በሁለት ቀን አንዴ ቁንጥር ምግብ ስጡ፣ በየሁለት ቀኑም የውሃውን ሩብ ቀይሩ። ዓሣው ክንፉን ሰብስቦ ከታች ከተኛ ወይም ውሃው ገጽ ላይ አፉን ከፈት ከደን ካደረገ ምግብ አቁማችሁ በዚያው ቀን ግማሹን ቀይሩ።

«በየሳምንቱ ሁሉንም ደፍቶ ዕቃውን በሳሙና ማጠብ ነው።»

እንዲህ ሲደረግ ባክቴሪያዎቹ ያልቃሉ፤ አሞኒያው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። የሚበቃው በሳምንት አንዴ ከ25 እስከ 30 በመቶ መቀየር ነው፤ በቀጭን ጎማ ከሥር ቆሻሻውን እየሳባችሁ ባልዲ ውስጥ አውጡ። ስፖንጁንም በዚያው ባልዲ ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋችሁ መልሱት። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ስለሚገድል ስፖንጁን ቧንቧ ሥር አትጠቡ። ለመጨመሪያ የሚሆነውን ውሃ አፉ በተከፈተ ባልዲ፣ አኳሪየሙ ባለበት ክፍል 24 ሰዓት አሳድሩት። ክሎሪኑ ይወጣል፤ የደብረ ማርቆስና የእንጅባራ የጧት ውሃ ቅዝቃዜም ይለዝባል። የሁለቱ ውሃ ሙቀት ልዩነት ከ2 ዲግሪ ባይበልጥ ጥሩ ነው።

«አገሩ ደጋ ስለሆነ ማሞቂያ ያስፈልጋል።»

አያስፈልግም፤ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ይስማማዋል፣ ከዚያ ዝቅ ያለውንም ይችላል። ደጋ የሚያሳጣው ኦክስጅን ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል 80 እና 75 በመቶ ያህል ስለሆነ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ ኤር ፓምፑ (ውሃው ውስጥ አየር የሚነፋው መሣሪያ) ሌሊትም አይጠፋም። መብራት ሲጠፋ ምግብ አትስጡ፤ በኩባያ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱ፣ ወይም በፓወር ባንክ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ያዙ። ለረጅም ሰዓት ቆይቶ ከመጣ ስፖንጁን በአኳሪየሙ ውሃ ሳትጨምቁ ፊልተሩን አታስነሡ፤ የበሰበሰው ወደ ዓሣው ይመለሳል።

«እንጀራና ዳቦ ይበላል።»

መብላቱን ይበላል፤ ግን ሆዱን ይነፋዋል፣ ውሃውንም ያበላሻል። ወርቃማ ዓሣ ጨጓራ ስለሌለው ትንሽ ትንሽ ነው የሚስማማው። ለዓሣ የተዘጋጀውን እንክብል ምግብ አርሳችሁ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ፣ በ2 ደቂቃ የሚጨርሰውን ያህል ስጡ። በሳምንት አንዴ የተቀቀለና የተላጠ አተር ጥሩ ነው።

«ከጣና ብንቀዳ ይሻላል፤ ሲሰለቸንም እዚያው እንለቀዋለን።»

የሐይቅ ውሃ ጥገኛ ተውሳክ ይዞ ይገባል። መልቀቁ ደግሞ ፈጽሞ የማይደረግ ነው። ጣና ሌላ የትም የማይገኙ የባርበስ ዓሣ ዝርያዎች መኖሪያ ነው፤ ከውጭ የመጣ ነገር ምን እንደሚያደርግም ከእምቦጭ አይተናል። ወርቃማ ዓሣ ጭቃውን እየቆፈረ ውሃ ያደፈርሳል፣ ተክል ይነቅላል፣ በሽታም ያዛምታል። ማቆየት ካልቻላችሁ አኳሪየም ላለው ሰው ወይም ለሸጠላችሁ ሱቅ መልሱት።