ዶክተር ሁ፦ ከስድሳ ዓመት በላይ የዘለቀ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ እና ነገ በስክሪን ላይ የሚጠብቀው ዕጣ

«ዶክተር ሁ» በጊዜና በሕዋ ውስጥ ወዲያ ወዲህ የሚመላለስ የአንድ እንግዳ ፍጡር ታሪክ የሚተረክበት የብሪታንያ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ነው። ባለታሪኩ ሰው ይመስላል፤ ትውልዱ ግን ከሌላ ፕላኔት ነው። እውነተኛ ስሙ አይታወቅም፤ «ዶክተር» ብቻ ይባላል። ጠመንጃ ማንሳት አይወድም፤ አብዛኛውን ጊዜ ጠላቱን የሚረታው በዕውቀት፣ በብልሃትና በድፍረት ነው። የሚጓዝባት ታርዲስ ከውጭ ስትታይ በድሮዋ ለንደን ፖሊሶች መንገድ ዳር ስልክ ይደውሉባት የነበረችውን ሰማያዊ ሳጥን ትመስላለች፤ በሯን ከፍቶ የገባ ሰው ግን ራሱን ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ያገኘዋል።

ድራማው በቢቢሲ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ቅዳሜ ኖቬምበር 23 ቀን 1963 ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ዓለሞች ለምን ዕድሜ እንደሚያገኙ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የሚያገኝ አይመስለኝም። ሌሎቹ በአንድ ደራሲ፣ በአንድ የተዋናዮች ቡድን ወይም በአንድ ትልቅ የፊልም ኩባንያ ገንዘብ ቆመዋል። ዶክተር ሁ ዋና ተዋናዩን አጥቷል፣ የገዛ ፊልሞቹ ተደምስሰውበታል፣ ጣቢያው ራሱ ትቶታል፣ የውጭ ባለሀብትም ጥሎት ሄዷል። አሁንም አለ።

ከትንሽ በጀት የወጣ ዓለም

ሐሳቡን የጠነሰሰው የቢቢሲ የድራማ ክፍል ኃላፊ የነበረው ካናዳዊው ሲድኒ ኒውማን ነው። የፈለገው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ቤተሰብ ሁሉ አንድ ላይ ተቀምጦ የሚያየውና ለልጆች ታሪክና ሳይንስ የሚያስተምር ዝግጅት ነበር። በመጀመሪያው ክፍል ከዶክተሩ ጋር የሚሄዱት ሁለት ሰዎች የታሪክ መምህርትና የሳይንስ መምህር የሆኑትም ለዚህ ነው። ሥራውን በኃላፊነት እንድታዘጋጅ የተመረጠችው ቬሪቲ ላምበርት ገና 27 ዓመቷ ነበር፤ በወቅቱ በቢቢሲ የድራማ አዘጋጅ የሆነች ሌላ ሴት አልነበረችም። የመጀመሪያውን ታሪክ ዳይሬክት ያደረገው ዋሪስ ሁሴን ደግሞ ሕንድ የተወለደ ወጣት ነው። የመጀመሪያው ክፍል የተላለፈው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በተገደሉ ማግሥት በመሆኑ፣ በሳምንቱ ሁለተኛው ክፍል ከመታየቱ በፊት እንደገና እንዲቀርብ ተደረገ።

በጀቱ ትንሽ ነበር፤ ዛሬ የድራማው መለያ የሆኑት ነገሮች አብዛኞቹ የተወለዱትም ከዚህ እጥረት ነው። ታርዲስ በደረሰችበት ሁሉ ቅርጿን ከአካባቢው ጋር ማመሳሰል ነበረባት። ለየታሪኩ አዲስ ቅርጽ መሥራት ግን ብዙ ወጪ ያስወጣል። ስለዚህ ቅርጿን የሚቀይረው መሣሪያ ተበላሸ ተባለና ሰማያዊ ሳጥን ሆና ቀረች። ከዓመታት በኋላ የለንደን ፖሊስ የሳጥኗ ቅርጽ የእኔ ነው ብሎ ተከራክሮ ነበር፤ በ2002 ውሳኔው ለቢቢሲ ሆነ። ሕዝቡ ሳጥኗን የሚያውቃት በፖሊስነቷ መሆኑ ቀርቶ በድራማው ሆኗልና ውሳኔው ትክክል ነበር።

ድምፁም እንዲሁ ነው። ታርዲስ ስትነሣና ስታርፍ የሚሰማው የሚያቃስት፣ የሚያጓራ ድምፅ የመጣው ከአንድ አሮጌ ፒያኖ ሆድ ዕቃ ነው። የድምፅ ባለሙያው ብራያን ሆጅሰን የእናቱን የበር ቁልፍ ይዞ የፒያኖውን የብረት ክሮች ፈገፈገባቸው፤ የቀዳውን ድምፅ ደግሞ በቴፕ ላይ ደጋግሞ አሻሻለው። የመግቢያውን ዜማ የደረሰው ሮን ግሬነር ሲሆን ሕይወት የሰጠችው ግን በቢቢሲ የድምፅ ቤተ ሙከራ ትሠራ የነበረችው ዴሊያ ደርቢሻየር ናት። እንደ ዛሬው በቁልፍ ሰሌዳ የሚጫወቱት የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ አልነበራትም። የአንድ የተነዘረ ክርና የኤሌክትሮኒክስ የሙከራ መሣሪያዎችን ድምፅ በቴፕ ቀድታ፣ ቴፑን እያፈጠነችና እያዘገየች የየኖታውን ከፍታ አገኘች፤ ከዚያ ቴፑን በምላጭ እየቆረጠች አንድ በአንድ ቀጠለችው። ውጤቱ ዛሬም ሲሰማ ከወደፊት የመጣ ይመስላል። ግሬነር ከገቢው እንድትካፈል ቢጠይቅም ቢቢሲ አልፈቀደም። ስሟ በድራማው ስክሪን ላይ የተጻፈው በ2013 ነው፤ ከሞተች ከ12 ዓመት በኋላ።

ኒውማን ዓይናቸው የፈጠጠ ጭራቆች በድራማው እንዳይታዩ አዝዞ ነበር። ወሩ በወጣ ጊዜ ግን ዳሌኮች መጡ። ሥጋቸው የከሳ፣ ጥላቻቸው የማይበርድ፣ በብረት ጥሩር ውስጥ ተሸሽገው እንደ ጎማ የሚንሸራተቱ ፍጡራን ናቸው። ንድፍ አውጪው ሬይመንድ ኩሲክ እግርም ፊትም ነፈጋቸው፤ የሚያስፈሩትም ስለዚህ ነው፤ ተመልካች በውስጣቸው ሰው ስለ መኖሩ ማሰብ ያቅተዋል። ኃላፊው ቢቆጡም የብሪታንያ ልጆች በየትምህርት ቤቱ ግቢ ዳሌክ መሆን ጀመሩ፤ የአሻንጉሊት ገበያውም ጦፈ። የመብቱ ገንዘብ ለደራሲው ለቴሪ ኔሽን ሲገባ ደመወዝተኛው ኩሲክ ከሽያጩ ድርሻ አልነበረውም። በትልልቅ የመዝናኛ ዓለሞች ታሪክ ውስጥ ይህ ግፍ ይደጋገማል፤ ብዙ ጊዜ ሕዝቡ የሚወደውን ነገር የሠራው ባለሙያ በሥራው ከከበረው ሰው ጀርባ ይቀራል።

ፊት የሚለውጥ ባለታሪክ

በ1966 ድራማው ሊያበቃ የሚችልበት ሰዓት ደረሰ። ዶክተሩን የሚጫወተው ዊልያም ሃርትኔል ታመመ፤ ቃለ ተውኔቱን መያዝ አቃተው። ሌላ ድራማ ቢሆን ወይ ይዘጋል፣ ወይ ምንም እንዳልተፈጠረ አድርጎ ሌላ ሰው ይተካል። አዘጋጆቹ ግን ባለታሪኩ ሰው አለመሆኑን ተጠቀሙበት። ዶክተሩ ሲያረጅ ወይም ለሞት ሲቃረብ አካሉ እንዲታደስ፣ መልኩም ጠባዩም እንዲለወጥ፣ ትዝታው ግን እንዳለ እንዲቆይ ወሰኑ። ኦክቶበር 29 ቀን ሃርትኔል ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ፊቱ በብርሃን ተሸፈነ፤ የተነሣው ፓትሪክ ትራውተን ነበር።

በቴሌቪዥን ታሪክ ከተገኙ ብልሃቶች ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ትራውተን ሃርትኔልን ለመምሰል አልሞከረም፤ ቁጡውን ሽማግሌ ተወና የተዝረከረከ፣ ዋሽንት የሚነፋ፣ ሞኝ መስሎ የሚያሸንፍ ሰው ሆነ። ከዚያ በኋላ የመጣ ተዋናይ ሁሉ የራሱን ዶክተር የመፍጠር ግዴታም ነፃነትም አለው። ከ1974 እስከ 1981 በመጫወት በቴሌቪዥን ረጅሙን ጊዜ የያዘው ቶም ቤከር የሚታወቀው በረጅም ሻርፑ ነው። ለሹራብ ሠሪዋ የተሰጣት ክር ከሚያስፈልገው በላይ ነበር፤ እርሷም ያላትን ሁሉ ሠርታ ጨረሰችውና ሻርፑ መሬት የሚጎተት ሆነ። ቤከር ለበሰው፤ መለያውም ሆነ።

መታደሱ ለተመልካችም ትርጉም አለው። እያንዳንዱ ትውልድ «የእኔ ዶክተር» የሚለው ሰው አለው። ልጁ ከአባቱ ጋር ማን ይበልጣል ብሎ ይከራከራል፤ ሁለቱም ግን የሚያወሩት ስለ አንድ ሰው ነው። በ2017 ለሚናው ጆዲ ዊትከር ስትመረጥ ሴት አትሆንም ያሉ ነበሩ። የዚህን ድራማ ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ክርክሩ መሠረት አልነበረውም፤ ሙሉ ሰውነት መለወጥ ከ1966 ጀምሮ ሕጉ ነው።

የተደመሰሰውና የተመለሰው

በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ቢቢሲ የቪዲዮ ቴፖቹን እየደመሰሰ ሌላ ዝግጅት ይቀዳባቸው ነበር። ቴፕ ውድ ነው፤ ከተዋናዮች ማኅበር ጋር የነበረው ስምምነት ድግግሞሽን ይገድባል፤ የቀለም ቴሌቪዥን ሲመጣ ደግሞ ጥቁርና ነጭ ገበያ አጣ። እስከ 1978 ድረስ በቀጠለው በዚህ ሥራ ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት 253 ክፍሎች ውስጥ ብዙዎቹ ጠፉ፤ ከሦስት አንዱ በላይ ዛሬም ምስሉ አልተገኘም። የሃርትኔል የመጨረሻው ሙሉ ክፍል ራሱ የለም፤ የቀረው ፊቱ የሚለወጥበት አጭር ቁራጭ ነው።

ከጥፋቱ የተረፈው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ለውጭ ጣቢያዎች ሽያጭ ተብለው የተዘጋጁት የ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ቅጂዎች ናቸው። ቅጂዎቹ ከአገር አገር ይዘዋወሩ ነበር፤ ከገዢዎቹ መካከል ናይጄሪያ፣ ዛምቢያ፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳ እና ኢትዮጵያ ይገኙበታል። በ2013 ናይጄሪያ ውስጥ በጆስ ከተማ በአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ መጋዘን አቧራ ለብሰው ከቆዩ ቆርቆሮዎች ዘጠኝ የጠፉ ክፍሎች መገኘታቸው ይፋ ሲሆን በብሪታንያ ትልቅ ዜና ነበር። ለንደን የጣለችውን አፍሪካ አቆየችው። የእኛም አገር የብሮድካስት ማኅደር ምን እንደያዘ በወጉ ቢመረመርና ቢጠበቅ የሚያስገኘው ጥቅም ከአንድ የውጭ ድራማ እጅግ የሰፋ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ልጆች ናቸው። በየቤቱ ቴፕ መቅጃቸውን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀምጠው፣ ማይክሮፎኑን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠግተው፣ ቤተሰቡን ዝም አሰኝተው የቀዱ ወጣቶች ነበሩ። ቪዲዮ በየቤቱ በሌለበት ዘመን ታሪኩን ደግሞ ለመስማት ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። በእነርሱ ትጋት የጠፉት ክፍሎች ሁሉ ድምፃቸው ሙሉ በሙሉ ተርፏል። ዛሬ ቢቢሲ በዚያ ድምፅ ላይ የአኒሜሽን ምስል እየሠራ የጠፉትን ታሪኮች ለገበያ ያቀርባል።

ድራማው በ1989 ሲቋረጥም ያቆዩት ተመሳሳይ ሰዎች ናቸው። በ1996 ከአሜሪካ ጋር ከተሠራ አንድ ፊልም በስተቀር ለ16 ዓመታት በስክሪን አዲስ ታሪክ አልነበረም ማለት ይቻላል። በዚያ መካከል ግን ልብ ወለዶች ይታተሙ፣ የድሮዎቹ ተዋናዮች የሚሳተፉባቸው የድምፅ ድራማዎች ይቀዱ ነበር። በ2005 ድራማውን ያስነሣው ራስል ቲ ዴቪስ ቀደም ሲል ከእነዚህ ልብ ወለዶች አንዱን ጽፏል። ፒተር ካፓልዲ በ15 ዓመቱ ድራማውን እያደነቀ ለአንድ ታዋቂ መጽሔት የጻፈው ደብዳቤ በ1974 ታትሟል፤ በ2013 ዶክተሩ ሆነ። ከዶክተሮቹ አንዱ የሆነው ዴቪድ ቴናንትም ተዋናይ ለመሆን የተመኘው በልጅነቱ ይህን እያየ ነው። በዌልስ ዋና ከተማ በካርዲፍ የተሠራው የመመለሻ ክፍል በብሪታንያ ወደ 10.8 ሚሊዮን ተመልካች አገኘ።

ገንዘብ፣ ስክሪን እና ነገ

የ2013ቱ የ50ኛ ዓመት መታሰቢያ ክፍል በ94 አገሮች በአንድ ጊዜ ታየ። ይህን ያህል ርቀት የሄደ ስም የዓለም አቀፍ ኩባንያዎችን ዓይን መሳቡ አይቀርም፤ በ2022 ቢቢሲ ከዲዝኒ ጋር ውል ማሰሩን አስታወቀ። ከብሪታንያና ከአየርላንድ ውጭ ድራማው በዲዝኒ ፕላስ እንዲታይ ሆነ፤ በጀቱም ከፍ አለ። ዶክተሩን የተጫወተው በኪጋሊ ተወልዶ ቤተሰቡ ከዘር ጭፍጨፋው ሸሽቶ በስኮትላንድ ያደገው ንኩቲ ጋትዋ ነበር። ሳቁና እንባው ቅርብ የሆነ፣ ስሜቱን የማይሸሽግ ዶክተር ነው፤ የተሰጠው ሁለት አጭር ምዕራፍ ብቻ መሆኑ ያስቆጫል። በሜይ 2025 ሄደ፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ዲዝኒ በውሉ እንደማይቀጥል ተነገረ። ቢቢሲ ድራማው እንደሚቀጥል ገልጾ ለ2026 ገና በዴቪስ የሚጻፍ ልዩ ክፍል እንደሚኖር አስታውቋል።

ብዙዎች ይህን እንደ ሞት ማስታወቂያ ቆጠሩት። እኔ እንደዚያ አላየውም። ከተወዳጆቹ ክፍሎች አንዱ የሆነው የ2007ቱ የሐውልቶች ታሪክ የተሠራው ዋናው ተዋናይ ሌላ ክፍል ሲቀረጽ ነው፤ ዶክተሩ የሚታየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ፍርሃቱ ያለው ዓይን ሲከደን ብቻ በሚንቀሳቀሱ የድንጋይ መላእክት ላይ ነው። ብዙ ኮምፒውተር የሠራው ፍንዳታ የለበትም፤ ያየው ልጅ ግን በመቃብር ስፍራ አጠገብ ሲያልፍ ዓይኑን አይጨፍንም። የዚህ ድራማ ኃይል ሁልጊዜ እንዲህ ባለ ሐሳብ ላይ ነው፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ጥሩ ጸሐፊ ነው።

እውነተኛው ስጋት ያለው በቢቢሲ ላይ ነው። ጣቢያው የሚተዳደርበት ሰነድ፣ የአሁኑ ንጉሣዊ ቻርተር፣ የሚያበቃው በ2027 መጨረሻ ነው፤ ሕዝቡ በየዓመቱ የሚከፍለው የቴሌቪዥን ፈቃድ ክፍያም በምን እንደሚተካ ወይም እንዴት እንደሚቀጥል ክርክሩ በርትቷል። ቤተሰብ ቅዳሜ ማታ በአንድ ስክሪን ፊት የሚሰበሰብበት ልማድም እየላላ ነው፤ ወጣቱ በስልኩ፣ በፈለገው ሰዓት፣ ለብቻው ያያል። ለዚህ ነው ከማስታወቂያዎቹ ሁሉ ትንሽ የሚመስለውን ትልቅ የምለው፤ ቢቢሲ ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕፃናት የሚሆን የአኒሜሽን ዶክተር ሁ እንዲሠራ ማቀዱን ይፋ አድርጓል። ዴቪስም፣ ቴናንትም፣ ካፓልዲም ለድራማው የተገኙት በልጅነታቸው ስላዩት ነውና በ2050 የሚጽፉለትም የሚጫወቱበትም ሰዎች የሚገኙት ዛሬ አምስትና ስድስት ዓመት ከሆናቸው ልጆች መካከል ነው።