ስለ ደሴ የመጀመሪያ ባንክና ስለ ዋናው መንገዷ፦ የሚባለውና እውነታው

የደሴ ታሪክ በተነሣ ቁጥር ከፒያሳው እስከ ባንኩ ያለው ሁሉ ለጣሊያን ይሰጣል። ይህ የወሎን ነጋዴ ድካም ለወራሪ ማስረከብ ስለሆነ ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

«ባንክን ደሴ ያመጣው ጣሊያን ነው»

አይደለም። የአቢሲንያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ። የተቋቋመው ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ የ50 ዓመት ውል ነበር። መጀመሪያ ሐረር፣ ቀጥሎ ድሬዳዋና ጎሬ ቅርንጫፍ ከፈተ፤ ደሴም በ1912 ዓ.ም. ገደማ ተከተለች። የጣሊያን ጦር ደሴ የገባው ሚያዝያ 1928 ነው፤ ባንኩ 15 ዓመት ያህል ቀድሞታል።

ባንኩን ወደ ደሴ የሳበው ገበያዋ ነው። ከአፋር በረሃ የሚወጣው አሞሌ ጨው፣ የደጋው እህልና ቆዳ የሚገናኙት በዚህ አካባቢ ነበር። ጣሊያንም ቢሆን ይህን ያውቅ ነበር፤ በ1920 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር ሲዋዋል ከአሰብ የሚነሣ የመኪና መንገድ እንዲሠራ የተስማማው እስከ ደሴ ነው። በወረራው ዘመን የከፈታቸው ባንኮች ግን ከነፃነት በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ተዘጉ።

«ባንኩን ያስከፈቱት ንጉሥ ሚካኤል ናቸው»

ይህ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ቀኑ ግን አይገጥምም። የወሎው ገዥ ንጉሥ ሚካኤል ጥቅምት 17 ቀን 1909 በሰገሌ ጦርነት ተማርከዋል፤ ባንኩ ሲከፈት በሕይወት አልነበሩም። ዐፄ ዮሐንስ በ1875 ዓ.ም. ገደማ ጅራታም ኮከብ ባዩበት ሰፈር ላይ የቆረቆሯትን ደሴን መናገሻቸው አድርገው የግብር አዳራሹን አይጠየፍን ያሠሩት፣ ከተማዋንም ያደረጇት ግን ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። ይህ ውለታ ያለ ባንኩም ሙሉ ነው።

«የድሮ ሰው ወረቀት ብር ያልተቀበለው ባለማወቅ ነው»

ከሁሉ የሚያስቆጨኝ ይህ ነው። ማርትሬዛ 28 ግራም የሚመዝን የብር ጠገራ ነው፤ ቢቀልጥም ዋጋ አለው። በ1907 ዓ.ም. የወጣው የባንኩ ወረቀት ግን ትንሹ ባለ 5 ብር ነበር። ሰኞ ገበያ አንድ በግ ሸጦ ወደ ገጠር ለሚመለስ ገበሬ፣ ጎረቤቱ የማይቀበለውንና መንዛሪ የሌለውን ወረቀት ይዞ መግባት ኪሳራ ነው። ጠገራ መምረጡ ሒሳብ ማወቁ ነው።

ሲራራ ነጋዴው ደግሞ ሌላ ችግር ነበረበት። 5,000 ማርትሬዛ ከ140 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ያንን በበቅሎ ጭኖ፣ ሽፍታ እየፈራ፣ ቀናት መጓዝ አለበት። አዲስ አበባ ባንክ ያስገባውን ገንዘብ ደሴ ላይ መቀበል መቻል ለእሱ እፎይታ ነው። ባንኩ የጠቀመው እሱን ነው እንጂ በጉን የሸጠውን አይደለም።

«የዛሬው አቢሲንያ ባንክ ያው የድሮው ነው»

ስሙ እንጂ ድርጅቱ አይደለም። የድሮው በነሐሴ 1923 በ750,000 ፓውንድ ካፒታል በተቋቋመው የኢትዮጵያ ባንክ ተተካ፤ የደሴ ቅርንጫፍም በአዲሱ ስም ቀጠለ። የዛሬው የግል ባንክ የተመሠረተው በ1988 ዓ.ም. ነው።

«ዋናው መንገድ ሙሉ በሙሉ የጣሊያን ሥራ ነው»

እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለ። የአዲስ አበባ–ደሴ–አስመራን መንገድ አስፋልት ያለበሰው ጣሊያን ነው፤ የፒያሳ ስምም ከእሱ ቀርቷል። ነገር ግን ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በኅዳር 1928 ደሴ የደረሱት በመኪና ነው፤ ጥርጊያው ከወረራው በፊት ነበር። በዚያው ወር በ26ኛው ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች የደበደቧት ደሴ የራሷ ገበያ፣ የራሷ ባንክ፣ ቀይ መስቀል የተሳለበት ሆስፒታል ያላት ከተማ ነበረች። ለጣሊያን ዘመን በእውነት የሚሰጠው ሌላ ነው፦ ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድ ኮምቦልቻ ላይ እንዲገነጠል መደረጉ፣ የከባድ መኪናውም ጭነት ከደሴ ዳገት በታች መቅረት መጀመሩ።