ከፈርምዌር ሼል ቡት መጨመር፦ የሚባለውና እውነታው

ሊኑክስ ጭናችሁ ኮምፒውተሩ ዊንዶውስን ብቻ እያስነሳ አስቸግሯችኋል? ዩኢኤፍአይ ሼል (ከዊንዶውስም ከሊኑክስም በፊት በማዘርቦርዱ ፈርምዌር የሚሠራ ትእዛዝ መጻፊያ) ውስጥ ገብቶ «ቢሲኤፍጂ» (bcfg) በሚባለው ትእዛዝ አዲስ የቡት መስመር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲበራ ምን እንደሚያስነሳ የሚነግር አማራጭ፣ መጨመር ይቻላል። የሚጻፈው አጭር ነው፦ ቢሲኤፍጂ ቡት አድ፣ ቀጥሎ የቦታው ቁጥር፣ ከዚያ ፋይሉ ያለበት መንገድ፣ መጨረሻ ላይ በጥቅስ ውስጥ ስሙ። ብዙ ሰው የሚፈራው ግን ትእዛዙን ሳይሆን ስለሱ የሚወራውን ነው።

«ቁጥር 0 ላይ ካስገባሁ ዊንዶውስ ይጠፋል።»
አይጠፋም። ቁጥሩ የወረፋ ቦታ ነው። አዲሱ ፊት ሲገባ ሌሎቹ አንድ አንድ ቦታ ወደ ኋላ ይገፋሉ። የሚቀየረው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ዝርዝር እንጂ ዲስኩ አይደለም።

እውነተኛው አደጋ ያለው ስትሰርዙ ነው። 3ን እና 4ን ለማጥፋት አስባችሁ መጀመሪያ 3ን ሰረዛችሁ እንበል። ወዲያው 4 የነበረው 3 ይሆናል፤ 5 የነበረው 4 ላይ ይቀመጣል። ቀጥላችሁ «4» ስትሉ ያላሰባችሁት መስመር ሄደ ማለት ነው። እኔም በዚህ ተሸውጃለሁ። ደግነቱ የሚጠፋው መስመሩ ብቻ ነው፤ ፋይሉ ዲስኩ ላይ ስላለ መልሳችሁ ትጨምሩታላችሁ። ከትልቁ ቁጥር ጀምሩ፤ በየመሀሉም «ቢሲኤፍጂ ቡት ደምፕ» ብላችሁ ዝርዝሩን እዩ። ቁጥሩ ሄክሳዴሲማል (በ16 መሠረት የሚቆጠር) መሆኑንም አትርሱ፦ 10 ብትጽፉ ሼሉ 16 ብሎ ነው የሚያነበው።

«ኤፍኤስ0 ማለት ዋናው ዲስክ ነው።»
የግድ አይደለም። ኤፍኤስ0፣ ኤፍኤስ1 የሚባሉት ሼሉ ላገኛቸው የዲስክ ክፍሎች የሚሰጣቸው ስሞች ናቸው። የሰካችሁት ፍላሽ ራሱ ኤፍኤስ0 ሊሆን ይችላል። «ማፕ» ብላችሁ ዝርዝሩን አውጡ፣ በ«ኤልኤስ» ፋይሉን በዓይናችሁ አረጋግጡ። የዊንዶውስ ሲ ድራይቭ ካልታያችሁ አትደንግጡ፤ ሼሉ በአብዛኛው የሚያነበው ፋት የሚባለውን የዲስክ ፎርማት እንጂ ሲ ድራይቭ ያለበትን ኤንቲኤፍኤስን አይደለም።

«ነገ ኤፍኤስ0 ወደ ኤፍኤስ1 ቢቀየር መስመሩ አይሠራም።»
ይሠራል። ጂፒቲ በሚባለው ዘዴ የተከፋፈለ ዲስክ ከሆነ፣ መስመሩ ውስጥ የሚመዘገበው ይህ ጊዜያዊ ስም ሳይሆን የፓርቲሽኑ (የዲስኩ ክፍል) ልዩ መለያ ነው። ፓርቲሽኑን አጥፍታችሁ እንደ አዲስ ከሠራችሁት ግን መለያው ስለሚቀየር መስመሩ ባዶ ቦታ ይጠቁማል።

«ሴኪዩር ቡት እንደጠፋ መቅረት አለበት።»
ሴኪዩር ቡት የታወቀ ዲጂታል ፊርማ የሌለው ፕሮግራም እንዳይነሳ የሚከለክል ቅንብር ነው። ሼሉ ፊርማ ከሌለው እሱን ለመክፈት ያህል ታጠፉታላችሁ። የጨመራችሁት ፋይል የታወቀ ፊርማ ካለው መልሳችሁ አብሩት።

«ትእዛዙ አልታወቀም ካለኝ ማዘርቦርዴ አይችልም።»
ብዙ ጊዜ ችግሩ የሼሉ እርጅና ነው። ስሪት 2 የሆነ ሼል ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ ከዚያ አስነሱና ደግማችሁ ሞክሩ።