የ«ደስተኛ» እና «ደስታ የራቃቸው» ከተሞች ዝርዝር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የዓለምን ከተሞች በደስታ ወይም ለኑሮ በመመቸት በቅደም ተከተል የሚያሰልፉ ዝርዝሮች በየጊዜው ይወጣሉ፤ በቴሌግራምና በፌስቡክም ወዲያው ይዛመታሉ። በአዲስ አበባ ዳር፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳ ወይም በኮዬ ፈጬ የሚኖር ሰው ዝርዝሩን ሲያይ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ይላል፤ «እውነታቸውን ነው፣ ይህም ኑሮ ሆኖ!» ወይም «የእኛን ኑሮ እነሱ ምን ያውቁታል?»። ሁለቱም አባባሎች ከእውነተኛ ስሜት የሚመነጩ ቢሆኑም፣ ዝርዝሩ ማንን ምን ብሎ እንደጠየቀ ሳያጣሩ የሚሰጡ ፍርዶች ናቸው። ዝርዝሮቹ ለነዋሪው ፍትሐዊ መሆን አለመሆናቸውን ለመመዘን በቅድሚያ በስፋት የሚደመጡትን የተሳሳቱ አመለካከቶች ማጥራት ይገባል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ዝርዝሮቹ ሁሉ የሚለኩት አንድ ነገር ነው።

እውነታው፦ በብዛት ከሚጠቀሱት አንዱ የሆነው የኢኮኖሚስት ኢንተለጀንስ ዩኒት (የኢኮኖሚስት መጽሔት እኅት የጥናት ድርጅት) ዝርዝር ነዋሪውን ስለ ደስታው አይጠይቅም። በባለሙያዎች ግምገማና በተሰበሰቡ አኃዞች ላይ ተመሥርቶ ለመረጋጋት 25፣ ለጤና አገልግሎት 20፣ ለባህልና ለአካባቢ ሁኔታ 25፣ ለትምህርት 10፣ ለመሠረተ ልማት 20 በመቶ ክብደት እየሰጠ ከተሞችን ያወዳድራል። የዚህ ዓይነቱ ዝርዝር መነሻ፣ ሠራተኞቻቸውን ወደ ሌላ አገር የሚልኩ ድርጅቶች በአገራችን የበረሃ አበል እንደሚባለው ያለ ተጨማሪ ክፍያ መክፈል ይኖርባቸው እንደሆነ ለማመልከት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 231 ከተሞችን አወዳድሮ ቪየናን አንደኛ ያደረገው የአማካሪ ድርጅቱ የመርሰር ዝርዝርም ለተመሳሳይ አገልግሎት የተዘጋጀ ነው። ለተባለለት ዓላማ ይጠቅም ይሆናል፤ በዕጣ ቤት ደርሶት ቱሉ ዲምቱ የገባ መምህር ግን በዚህ ስሌት ውስጥ የለም።

የተሳሳተ አመለካከት፦ የደስታ ደረጃ የሚወጣው ገቢን፣ ጤናንና ሙስናን ደምሮ በማስላት ነው።

እውነታው፦ ይህ ስሕተት የተማሩ ሰዎችም ሲሳሳቱት የሚታይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የሚታተመው የዓለም የደስታ ሪፖርት ደረጃውን የሚያወጣው ጋሎፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት ሰብሳቢ ድርጅት ለሰዎች ከሚያቀርበው አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄው ከ0 እስከ 10 የተቆጠረ መሰላል እንዲያስቡ ያደርጋል፤ ላይኛው ደረጃ ለእርስዎ ከሁሉ የተሻለው ሕይወት፣ ታችኛው ከሁሉ የከፋው ቢሆን ዛሬ የቆሙት የትኛው ላይ ነው ይላል። ገቢ፣ ጤናማ ዕድሜ፣ ማኅበራዊ ድጋፍ፣ ነጻነት፣ ልግስናና ሙስና የሚገቡት ከዚያ በኋላ፣ የአገሮችን ልዩነት ለማብራራት ብቻ ነው።

ጥያቄው ሰው ትናንት መሳቁን ወይም መጨነቁን አይመለከትም፤ ለእነዚህ ሌሎች ጥያቄዎች አሉ፣ ውጤታቸውም ለብቻው ይቀመጣል። በቦሌ አራብሳ የአራተኛ ፎቅ ነዋሪ የሆነች እናት ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ በጠዋት ጀሪካን ተሸክማ ደረጃውን ስትወጣ ቆይታ፣ ከሰዓት ከጎረቤቶቿ ጋር ቡና አፍልታ ከልቧ ስቃ ልትውል ትችላለች። ስለ መሰላሉ ብትጠየቅ «አራት» ብትል፣ ስለ ትናንቱ ስትጠየቅ ደግሞ «ደስ ብሎኝ ነው የዋልኩት» ብትል ሁለቱም መልሶቿ እውነት ናቸው። ዝርዝሩ የመጀመሪያውን መልስ ብቻ ይዞ ሲወጣ አንባቢው ሴትዮዋ ሳቅ የማታውቅ አድርጎ ሊያስባት አይገባም።

የተሳሳተ አመለካከት፦ በዝርዝሩ አሥር ደረጃ ዝቅ ያለ ከተማ በእርግጥም ኑሮው የከፋ ነው።

እውነታው፦ የዓለም የደስታ ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ2020 186 ከተሞችን ሲያወዳድር ሄልሲንኪ አንደኛ፣ ካቡል የመጨረሻ ሆነዋል። በዝርዝሩ ለመግባት ከአንድ ከተማ በአምስት ዓመት ውስጥ ቢያንስ 300 ሰዎች መልስ መስጠታቸው ይበቃ ነበር። መልስ ሰጪዎቹ 300 ከሆኑና መልሶቻቸው ከአማካዩ በ2.4 ነጥብ ያህል የሚራራቁ ከሆነ፣ የከተማው ውጤት ከእውነተኛው በ0.27 ነጥብ ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። 186 ከተሞች ከአምስት ነጥብ ባነሰ ርቀት ውስጥ ተጠጋግተው ስለተሰለፉ ይህ መጠን ከአሥር ያላነሰ ደረጃ ያንቀሳቅሳል። በአንደኛውና በመጨረሻው መካከል ያለው ልዩነት እውነተኛ ነው፤ በ90ኛና በ100ኛ መካከል ያለው ግን ለክርክር የሚበቃ አይደለም።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «አዲስ አበባ» ተብሎ የሚሰጥ ቁጥር በከተማዋ ዳር ያለውንም ነዋሪ ይወክላል።

እውነታው፦ በእኔ እምነት ከሁሉም በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ነው። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የአዲስ አበባ ነዋሪ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ዛሬ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የሚኖሩባቸው የየካ አባዶና የኮዬ ፈጬ ሕንፃዎች ያኔ አልነበሩም፤ መሬቱ ጤፍና ስንዴ የሚዘራበት ነበር። የትኛው ሰፈር ስንት ሰው እንደያዘ የሚነግር አዲስ ቆጠራ በሌለበት፣ ከሩቅ ለሚመጣ ጥናት የዳሩን ነዋሪ በተገቢው መጠን ማካተት እጅግ ይከብዳል።

የአስተዳደር ወሰንም ሌላ ችግር ይፈጥራል። ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በኦሮሚያ ክልል ሥር በሸገር ከተማ ተጠቃለዋል። በእነዚህ አካባቢዎች አድሮ፣ ገና ሳይነጋ ታክሲ ተሰልፎ፣ መርካቶ ወይም ሜክሲኮ ውሎ የሚመለስ ሰው ብዙ ነው፤ የቀን ድካሙ የአዲስ አበባ ሆኖ ሳለ በወረቀት ላይ የሌላ ከተማ ሰው ነው። በወሰኑ ውስጥ ያለውም ቢሆን፣ ቦሌ መንገድ ዳር ተከራይቶ በእግሩ ሥራ የሚገባው ሰው መልስና የቦሌ አራብሳው ሰው መልስ አንድ ላይ ተደምረው ሲካፈሉ የሚገኘው ቁጥር ሁለቱንም አይገልጽም።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ሰው ደስታ በሌለበት ቦታ የሚኖረው ሌላ ምርጫ ስለሌለው ወይም ስለማያውቅ ነው።

እውነታው፦ ኤድዋርድ ግሌዘር፣ ጆሹዋ ጎትሊብና ኦረን ዚቭ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ስለ አሜሪካ ከተሞች ባወጡት ጥናት፣ በአንዳንድ ከተሞች የነዋሪው እርካታ ለረጅም ጊዜ ዝቅ ብሎ እንደሚቆይ አሳይተዋል። ሰዎች ለተሻለ ደመወዝ ወይም ለቀነሰ የቤት ኪራይ ሲሉ ከእርካታቸው ጥቂቱን አውቀው እንደሚተዉም ተከራክረዋል። ይህ ሐሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ለዓመታት ቆጥቦ የ20/80 ዕጣ የወጣለት ሰው መንገዱ እንደሚርቀው እያወቀ ይገባል፤ የሚያገኘው አከራይ በየስድስት ወሩ ዋጋ የማይጨምርበትን ቤት፣ ለልጆቹም የሚተርፍ ንብረት ነው። ሁሉም መርጦ እንደሄደ ማስመሰል ግን ስሕተት ነው። ከመሀል ከተማ በመልሶ ማልማት ተነሥቶ ዳር የሰፈረ ሰው ሌላ ታሪክ አለው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ዝርዝሮቹ ማኅበራዊ ኑሯችንን ስለማያውቁ ዋጋ የላቸውም።

እውነታው፦ ጋሎፕ «ችግር ቢደርስብዎ በፈለጉ ጊዜ የሚደርሱልዎ ዘመዶች ወይም ወዳጆች አሉዎት?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው «አዎ» ወይም «የለም» ብቻ የሚያስመልስ በመሆኑ፣ በእድርና በዕቁብ የታሰረውን ኑሮ ጥልቀት አይደርስበትም፤ ይህ እውነተኛ ጉድለት ነው። ሆኖም በእድራችን ተመክተን ጥያቄውን መናቅ አንችልም። ለአርባና ለሃምሳ ዓመት አብሮ የኖረ ሰፈር ሲነሣ አንዱ ገላን፣ አንዱ ቦሌ አራብሳ፣ አንዱ የካ አባዶ ይደርሰዋል፤ ድንኳንና ወንበሩ የት እንደሚቀመጥ እንኳ ግራ ይገባል፣ ለቅሶ ለመድረስም ሁለት ታክሲ መያዝ ግድ ይሆናል። በአዲሱ ብሎክ እድር እስኪቋቋምና ሰው እስኪተዋወቅ የሚያልፈው ጊዜ ቀላል አይደለም፤ በተለይ አቅመ ደካማ አረጋውያን በዚያ ጊዜ ብቻቸውን ይቀራሉ።

ስለዚህ የዳሩ ነዋሪ ኑሮ በትክክል እንዲታወቅ ከተፈለገ፣ ይኸው የመሰላል ጥያቄ በለሚ ኩራና በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተሞች ለብቻው ተጠይቆ፣ መልሱም ከውኃ ፈረቃው፣ በመንገድ ከሚጠፋው ሰዓትና ነዋሪው ወደ ሰፈሩ በዕጣ ወይም በመነሣት ከመምጣቱ ጋር ተያይዞ መቅረብ አለበት።