ከጎንደር ቢሮ ወደ ቤት ኮምፒውተር በርቀት መግባት

ቢሮ ተቀምጦ የቤትን ኮምፒውተር ስክሪን ማየት፣ ማውሱንና ኪቦርዱን ማዘዝ፣ የተረሳ ፋይል ማምጣት፦ በርቀት መግባት የሚባለው ይኸው ነው። ጎንደር ላይ ፈላጊው ብዙውን ጊዜ ማራኪ ወይም ፒያሳ እየሠራ አዘዞ የሚኖር፣ የካርታ ወይም የስታቲስቲክስ ፕሮግራሙን ቤት ባለው ዴስክቶፕ ላይ የጫነ ሠራተኛ ነው። አልገናኝ ሲል ሁሉም የሚወቅሰው የቢሮውን ፋየርዎል (የኔትወርኩን ጠባቂ) ነው። እንቅፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው እቤት፣ ከራውተሩና ከመብራቱ ዘንድ ነው።

ፋየርዎሉ ከውጭ የሚመጣን የግንኙነት ጥሪ ያግዳል፤ ከውስጥ የሚወጣውን ደግሞ በፖርት (በአገልግሎት በር) ቁጥር እየለየ ያሳልፋል። ለድረ ገጽ የሚያስፈልጉት 80 እና 443 ክፍት ናቸው። የዊንዶውስ ሪሞት ዴስክቶፕ (አርዲፒ) 3389ን፣ ሌሎቹ የርቀት መግቢያ ዘዴዎች ኤስኤስኤች 22ን፣ ቪኤንሲ 5900ን ይጠቀማሉ፤ ጠበቅ ያለ መሥሪያ ቤት እነዚህን ይዘጋል። 443 ክፍት ነው ማለት ግን ሁሉም ያልፋል ማለት አይደለም። አዳዲሶቹ ፋየርዎሎች የትራፊኩን ጠባይ አይተው እንደ ኤኒዴስክና ቲምቪወር ያሉ የርቀት መግቢያ ፕሮግራሞችን ለይተው ያውቃሉ። አንዳንዶቹ የተመሰጠረውን ትራፊክ ፈትተው በራሳቸው ሰርተፍኬት (የማንነት ማረጋገጫ) መልሰው ያሽጉታል፤ ብሮውዘሩ ይህን ሲቀበል የርቀት ፕሮግራሙ ሰርተፍኬቱን ስለማያውቀው ግንኙነቱን ያቋርጣል። ድረ ገጹ ሁሉ እየተከፈተ እሱ ብቻ እምቢ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። ለሌላው ምርመራ የስህተቱን ዓይነት ማየት ይጠቅማል፦ ወዲያው «አልተቀበለም» ካለ ብዙውን ጊዜ ጥሪው ደርሷል፣ እዚያ ግን የሚሰማው ፕሮግራም አልተነሣም፤ ቆይቶ «ጊዜው አልፏል» ካለ መንገድ ላይ አንድ ነገር የሚላከውን ዳታ በዝምታ እየጣለው ነው።

የቤቱን ጣጣ ለማወቅ የራውተሩን ገጽ (ብዙ ጊዜ 192.168.1.1) ከፍቶ «ዋን» (WAN፣ የውጭ መስመር) በሚለው ሥር ያለውን አይፒ አድራሻ ማየትና አድራሻዬ ስንት ነው ብሎ ከሚነግር ድረ ገጽ ጋር ማመሳከር ነው። ሁለቱ ከተለያዩ፣ በተለይ የራውተሩ በ10 የሚጀምር ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ የሚገኝ ከሆነ፣ የቴሌኮሙ ድርጅት አንዱን የአደባባይ አድራሻ ለብዙ ደንበኛ አካፍሎታል ማለት ነው። በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር ላይ ይህ የተለመደ ነው። እንዲህ ከሆነ ራውተሩ ላይ ፖርት መክፈት ትርፉ ድካም ነው፤ ጥሪው ራውተሩ ጋ ሳይደርስ ቴሌኮሙ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ የሚያዋጣው የቤቱ ኮምፒውተር ራሱ ወደ ውጭ ደውሎ የሚጠብቅበት አሠራር ነው። ቢሮውም ቤቱም ወደ ውጭ ይወጣሉ፣ መሐል ላይ ይገናኛሉ። ቀላሉ መንገድ ኤኒዴስክ፣ ቲምቪወር፣ ረስትዴስክ ወይም የክሮም ሪሞት ዴስክቶፕ ነው። ሁለተኛው እንደ ቴይልስኬል ያለ ቪፒኤን ሲሆን ሁለቱን ማሽኖች በአንድ የግል ኔትወርክ ውስጥ ያስቀምጣቸዋል፤ ዩዲፒ የተባለው ቀጥተኛ የመላኪያ መንገድ ቢዘጋበት በ443 በኩል በአስተላላፊ ሰርቨር ይዞራል። በዚህ የግል ኔትወርክ ውስጥ አርዲፒን መጠቀም ይቻላል፤ ግን የዊንዶውስ ሆም እትም አርዲፒ አይቀበልም፣ ፕሮ ያስፈልጋል። ሦስተኛው ሰርቨር ተከራይቶ ከቤት ወደዚያ የተገላቢጦሽ ኤስኤስኤች መስመር (ቢሮው በዚያ በኩል ተመልሶ ቤት የሚገባበት) መዘርጋት ነው። ከሁሉም ይበልጥ በራስ ቁጥጥር ሥር የሚሆነው እሱ ነው፤ ነገር ግን የውጭ አገር ሰርቨር ኪራይ በብር ካርድ ስለማይከፈል ብዙ ሰው እዚያው ላይ ይቆማል።

መብራት ትልቁ ምዕራፍ ነው። ኮምፒውተሩ መብራት ሲመለስ ራሱ እንዲነሣ ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ከመብራት መቋረጥ በኋላ ምን ይሁን የሚለው ምርጫ «ይብራ» መደረግ አለበት። በዊንዶውስም የእንቅልፍ ጊዜው «በፍጹም» ይሁን፤ የርቀት ፕሮግራሙም ሰው ፓስዎርድ ሳያስገባ በፊት እንዲነሣ እንደ ሰርቪስ መጫን አለበት። 650 ቪኤ የሆነ ትንሽ ዩፒኤስ (የመጠባበቂያ ባትሪ) ዴስክቶፕን የሚይዘው ለደቂቃዎች ነው፤ ራውተርን ብቻ ቢሰጡት ግን ባትሪው ደህና ከሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ ያቆየዋል። በክረምት የጎንደር መብረቅ በስልክ ገመዱ በኩል የኤዲኤስኤል ሞደም ስለሚያቃጥል የኃይል ሶኬቱን መንቀል ብቻ አይበቃም፣ የስልኩም ገመድ ይነቀል።

ብዙ ባለሙያ የሚያልፈው አንድ ብልሽት አለ። ኮምፒውተሩ በርቷል፣ ኢንተርኔት አለ፣ የርቀት ፕሮግራሙ ግን «በመገናኘት ላይ» እንዳለ ይቀራል። ምክንያቱ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ሲአር2032 ባትሪ መሞቷ ነው። ኃይሏ ሲያልቅ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ፋብሪካው ቀን ይመለሳል፤ ኮምፒውተሩ ከብዙ ዓመት በፊት ያለ ስለሚመስለው የሰርቨሩ ሰርተፍኬት «ገና አልጸናም» ብሎ ይጥለዋል። በብዙ ማሽኖች የባዮሱ ምርጫም አብሮ ስለሚጠፋ «ይብራ» የተባለው ሳይቀር ይረሳል። ባትሪዋን መቀየር ሁለቱንም ይፈታል፤ ከተቀየረች በኋላ ሰዓቱንና የባዮሱን ምርጫ እንደገና ማስተካከል ብቻ ይቀራል።

ፍጥነትን የሚወስነው የቤቱ የመላኪያ አቅም ነው፤ በኤዲኤስኤል ላይ ይህ ከመቀበያው በብዙ ያንሳል። አስተላላፊ ሰርቨሩ ውጭ አገር ሲሆን ከአዘዞ ማራኪ የሚሄደው ምስል ባሕር ተሻግሮ ይመለሳል፤ ማውሱ የሚጎተተው ለዚህ ነው። የዴስክቶፕ ሥዕሉን ማጥፋት፣ ቀለሙን ወደ 16 ቢት ማውረድና ስክሪኑን ማሳነስ ይረዳል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለረጅም ወራት ሲቋረጥ ቤቱ በሲም ራውተር ብቻ ለተገናኘ ሰው ከእነዚህ መንገዶች አንዱም አልሠራለትም፤ የገመድ መስመር የሚመረጠው ለፍጥነቱ ብቻ አይደለም።

ከአይሲቲ ክፍል ተደብቆ መሥራት አያዋጣም፤ ፋየርዎሉ ሁሉንም ይመዘግባል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድም ሆነ ከፈቃድ በላይ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን ያስቀጣል። የራስ ቤት ኮምፒውተር የራስ ነው፣ የቢሮው ኔትወርክ ግን አይደለም። በደብዳቤ ሲጠየቅ ከየትኛው ኮምፒውተር፣ ወደ የትኛው አድራሻ፣ በየትኛው ፖርትና ለምን ሥራ እንደሆነ ቢጻፍ የክፍሉ ሰው ለማሰናዳት አይቸገርም። ባንክ ውስጥ ግን ባይሞከር ይሻላል። 3389ን ለኢንተርኔት ክፍት ማድረግም አይገባም፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ብሉኪፕ የተባለው የአርዲፒ የደህንነት ቀዳዳ ያለ ፓስዎርድ የሚያስገባ ነበር። ከፓስዎርዱ በተጨማሪ የሚጠየቀው ሁለተኛው የመግቢያ ኮድ በኤስኤምኤስ ከሚሆን ያለ ኔትወርክ ኮድ በሚያወጣ የስልክ መተግበሪያ ቢሆን ይመረጣል።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው የቀረው ኪቦርድ ነው። የግዕዙ ኪቦርድ ቢሮም ቤትም ከበራ ፊደሉ ሁለት ጊዜ እየተቀየረ ይዘበራረቃል፤ የቢሮው በእንግሊዝኛ ይቆይና የቤቱ ብቻ ይብራ። ቪዥዋል ግዕዝ በተባለው የአማርኛ መጻፊያ የተጻፈ የቆየ ሰነድ ከቤት ተቀድቶ ቢሮ ሲለጠፍ ፎንቱ ከሌለ የላቲን ምልክት ድርድር ይሆናል፤ እንዲህ ያለውን ፋይል ሳይቀዱ በፒዲኤፍ ማምጣት ይቀላል።